ከቀጨኔ እስከ ኤደን፦ የአሥራ ሁለት እንስራ ጉዞ

ያስወጣኝን ቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና ሂሳቡ ያልታወቀ ወሬ አይጥመኝም። ሁለት መቶ አርባ የቀጨኔ ማጨሻ፣ አሥራ ሁለት እንስራ፣ የሠርግ ጫማዬ፣ አንድ ሞባይል፣ ከገዛ ሥጋዬ ሰባት ኪሎ፣ በጥሬ ገንዘብ ደግሞ የአንድ ዓመት የሱቅ ኪራይ የሚያህል ብር። ያገኘሁትን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ሱቄ በር ላይ ተደግፋችሁ ስኳር ሳትገዙ «ከድር፣ የኤደኑን ነገር እስቲ አውራን» የምትሉኝ ሁሉ፣ ይኸው ጻፍኩላችሁ። አሁን ስኳር ግዙ።

አንደኛው ቀን

ለማያውቀኝ፣ ጉለሌ ውስጥ ሱቅ አለኝ፤ በዓመት አንዴ ደግሞ የቀጨኔን ሸክላ ወደ የመኗ ኤደን እወስዳለሁ። የኤደን ሴት ልብሷን ሳታጥን ከቤት አትወጣም፣ የምታጥንበት ማጨሻ ደግሞ ከእኛ ቀጨኔ የተሻለ የትም የለም። ያ ሰሞን ከሰሜን የተነሳ ጦር ወደ ኤደን እየወረደ ነው ተብሎ በሬዲዮ ይወራል። ባለቤቴ፣ «ሰው ከጦር ይሸሻል፣ አንተ ሸክላ ተሸክመህ ወደ ጦር ትሄዳለህ?» አለችኝ። እኔ አስቤበታለሁ፤ ረመዳን እየቀረበ ነው፣ ሌላው ነጋዴ ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል፣ ገበያው ላይ ብቻዬን ነኝ። ጦሩ እስኪደርስ ሸጬ እመለሳለሁ አልኩ። ለጦሩ ግን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ጠዋት ከሸክላ ሠሪዋ ከእማማ ዘነበች ደጅ ተገኘሁ። ኢሱዙ በቀጨኔ ቁልቁለት አይገባም፤ ሸክላው በሰው ጀርባ ወርዶ ነው የሚጫነው። እማማ ዘነበች እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ድምፁ ድፍን ነው። ሲጨርሱ ከጓሮ እንስራ ማውጣት ጀመሩ።

«እማማ፣ እኔ ያዘዝኩት ማጨሻ ነው። ይሄ ምንድን ነው?»

«አሥራ ሁለት ነው፤ ጫነው።»

«ጄሪካን ከመጣ ወዲህ እዚህ ጉለሌ እንኳ እንስራ የሚገዛ የለም! አረቦቹ ፍሪጅ አላቸው።»

«ለሱ አይደል የምሰጥህ? እዚህ የሚገዛ ቢኖር አንተ ታየው ነበር?»

ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና አንድ ፎቶ ሰጡኝ። ልጃቸው ወይንሸት ናት። ጭቃ ማቡካት ሰልችቷት ከአራት ዓመት በፊት ኤደን ለሰው ቤት ሥራ ሄዳለች፤ ስልኳ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ፎቶው ላይ አረንጓዴ በር ፊት ቆማለች፤ በጀርባው «ከዓሣ ገበያው በላይ» የሚል ተጽፏል።

«የሸክላውን ዋጋ አልፈልግም፣ ከድርዬ። ልጄን አምጣልኝ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔ ለንግድ ነው…»

«ሸክላው ቢሰበር አልጠይቅህም። ያለ እሷ ከመጣህ ግን በዚህ ደጅ አትለፍ።»

እኔ ደግሞ ከቤቴ ወደ ሱቄ በሌላ በኩል መንገድ የለኝም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

ሹፌሩ ደሳለኝ ይባላል፤ ጉድጓድ ሲያይ ፍሬን የሚይዘው ጉድጓዱን ካለፈ በኋላ ነው። ሸክላው በጭድ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የምንጋጨው እኛ ነን። አዋሽን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሚሌ ስንደርስ ሸሚዜን፣ ከዚያ በኋላ የማወልቀው አጣሁ። ያደርንበት የአፋር ሆቴል አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ ነው የሚያከራየው። «ክፍሉስ?» ብላቸው ባለቤትየዋ ሳቁ፤ «ክፍል ውስጥ ፍየል እንኳ አናስገባም» አሉኝ። የፍየል ጥብስና ወፍራም ቂጣ አቀረቡልን፤ ሂሳብ ስጠይቅ የቂጣውን አላስከፈሉኝም፤ ከሩቅ መጥተሃል ብለው። እኛ ሰፈር ከእንጦጦ ማርያም የወረደ መንገደኛ ውሃ ቢጠይቅ የታሸገውን ነው የምንሸጥለት። ትንሽ አፈርኩ።

ጋላፊን አልፈን ጅቡቲ ገባን። ስንፈትሽ አንድም ሸክላ አልተሰበረም። የደሳለኝ የፊት መስታወት ብቻ ነው የተሰነጠቀው።

አራተኛው ቀን

ባሕሩ ላይ የተሳፈርኩት ሳንቡክ በሚሉት የእንጨት ጀልባ ነው። ሰው እንዲያከብረኝ ብዬ የሠርግ ጫማዬን አድርጌ ነበር። ሁለት ሰዓት እንደተጓዝን ቁርሴን እዚያው ጫማዬ ላይ መለስኩት። ከመርከበኞቹ አንዱ ግማሽ ሎሚ አፌ ውስጥ ከተተልኝ፤ ሌላው ጫማውን በገመድ አስሮ ባሕር ውስጥ ነከረልኝ። ገመዱ ተመለሰ።

ከኤደን የሚመጡት ጀልባዎች በሰው ብዛት ወደ ጎን አዘንብለው ያልፉናል። የእኛው ባዶ ነው። ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ገበያው የእኔ ነው ብሎ ይደሰታል። እኔ ተደሰትኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አምስተኛው ቀን

ኤደንን እንዲህ አድርጋችሁ አስቧት። እንጦጦን ዛፏን ላጭታችሁ፣ አንድ ወር ምድጃ ውስጥ አቆይታችሁ፣ ባሕር ውስጥ ወርውሯት። ከተማዋ የተሠራችው በዚያ ጥቁር ተራራ እግር ሥር ነው። ዙሪያዋ ባሕር ሲሆን ከየብስ ጋር የሚያገናኛት አንድ ቀጭን የአሸዋ አንገት ብቻ ነው። መንገዱም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው አንገት ላይ ነው። «ይህን አንገት የያዘ ሰው ከተማዋን ያዘ ማለት ነው» ብዬ ወደብ ላይ ለአንድ ተሸካሚ ነገርኩት። «ጦሩም እንደዚያው እያለ ነው» አለኝ።

ማጨሻዎቹን መዓላ በሚባለው ሰፈር መጋዘን አስገባሁ። መጋዘነኛው እንስራዎቹን ሲያይ፣ «እነዚህን ወዲያ አንሳልኝ፤ ማን ይገዛልሃል?» አለኝ። የእማማን ፊት እያስታወስኩ አሥራ ሁለቱን በአነስተኛ መኪና ጭኜ፣ ተራራውን አቋርጬ ክሬተር ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ሄድኩ። ክሬተር ቀጨኔ ናት በቃ፤ ጠባብ መንገድ፣ የተቃቀፈ ቤት፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ምሳ ያውቃል። ከዓሣ ገበያው በላይ አረንጓዴውን በር ለማግኘት ሦስት ሰው ነው የጠየቅሁት፤ ሦስቱም እስከ በሩ ሸኙኝ።

ወይንሸት በሩን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ እንስራዎቹን አየች። ድንጋጤዋ ከእኔ ይልቅ ለእንስራዎቹ ነበር።

«ጋሽ ከድር! እኔ ከዚህ ጭቃ ሸሽቼ ባሕር ተሻገርኩ፤ እርስዎ ተሸክመው ተከተሉኝ?»

ስልኳ ተሰርቆ ነው የጠፋችው። አሠሪዋ ሐጃ ሳፊያ ይባላሉ፤ ሰማንያ የተጠጉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ያለ ምርኩዝ ሁለት እርምጃ የማይሄዱ፣ በምላሳቸው ግን ማራቶን የሚሮጡ ሴትዮ። ሩዝና ዓሣ ቀረበልኝ፤ በኋላም በወተት የፈላ ሻይ። የመጣሁበትን በገበያ አረብኛዬ ስነግራቸው ወይንሸትን ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «መልካም፤ ነገ ይዘሃት ሂድ» አሉ።

ወይንሸት ሳህን እያነሳች በአማርኛ፣ «እሳቸውን ትቼ የትም አልሄድም» አለችኝ። «ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ አምባራቸውን ሸጠው ነው ያሳከሙኝ። ለእናቴም እንደዚያው ይንገሯት።»

«ለእናትሽ እኔ አልነግራቸውም። በደጃቸው የማያልፍ መንገድ አንቺ ታወጪልኛለሽ?»

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት ሻይ እየጠጣን ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ «አንገቱን ያዙት! አንገቱን ያዙት!» እያለ ጮኸ። እኔም ወጣሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ጭስ ተነስቷል፤ መንገዱ ላይ ታንክ እንደ ጉንዳን ይታያል። አልዋሽም፣ ልቤ በደስታ ነው ወይስ በፍርሃት እንደዚያ የመታው እስካሁን አላወቅሁም። በፊልም ያየሁትን በዓይኔ አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊልሙ ውስጥ መሆኔ ገባኝ። በየብስ መውጫ የለም። እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ፤ ማታ የቧንቧው ውሃ ተከተለ።

ሰባተኛው ቀን

አሁን ስለ ስህተቴ ልናገር። ፍሪጅ ሁሉ ቁም ሳጥን ሆኗል። ሰው ከመስጊዱ ጥንታዊ ጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፣ ውሃው ግን ቤት ሳይደርስ ይሞቃል። ወይንሸት ጉድጓዱ ጋ ተሰልፋ ሳለች አንድ ጎረቤት መጥቶ፣ «እንስራ አለህ አሉ» አለኝ። ደሜ ተንቀሳቀሰ። የማይሸጠው ዕቃ ሊሸጥ ነው!

እንግዲህ እኔ የቀጨኔ ሸክላ ነጋዴ ነኝ፤ ያልተሟሸ ዕቃ ለሰው አልሸጥም። አዲስ እንስራ እሳት ላይ ሞቆ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ቀዳዳው ካልተደፈነ ያዣል፤ ቤት ያረጥባል፤ የሸጠልህን ሰው ያሰድባል። ግቢው ውስጥ እሳት አንድጄ በሐጃ ሳፊያ የሰሊጥ ዘይት አንድ በአንድ አሟሸሁ። ስድስተኛው ላይ ዘይቱ አለቀ። ዘይት ቢኖር አሥራ ሁለቱንም እጨርሳቸው ነበር።

ሐጃ ሳፊያ በሁለቱም ዓይነት እንስራ ውሃ አስሞሉ። ከሰዓት በኋላ ካልተሟሸው ቀድተው አጠጡኝ፤ ቅዝቃዜው ጥርሴን አደነዘዘው። ካሟሸሁት ቀድተው ሰጡኝ፤ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው።

«አንተ ሰው፣» አሉኝ፣ «ይህ ዕቃ የሚያቀዘቅዘው ሲያልበው ነው። ላቡን ዘጋህበት!»

ወይንሸት ከጉድጓዱ ስትመለስ ራሷን ያዘች። «ጋሽ ከድር፣ ማን አሟሹ አለዎት?» ምን ልበል? እንጦጦ ሥር ውሃ ለማቀዝቀዝ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የእኛ ችግር ማሞቅ ነው።

ስምንተኛው ቀን

ሐጃ ሳፊያ ያላበውን እንስራ በሩ ላይ አስቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ በነጻ ያጠጣሉ። ይህ የንግድ አሠራር አይደለም። አንድ ሰውዬ የወርቅ ቀለበቱን አውልቆ፣ «ሁለት ያላበው እንስራ ስጠኝ» አለኝ። ቀለበቱን በጥርሴ ልነክሰው አፌ ውስጥ ከትቼው ሳለ አወድ መጣ።

አወድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰው ወደ ኦቦክ፣ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ያሻግራል። አንድ ኩባያ ጠጣ፣ ደገመ፣ ከዚያ እንስራውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ» አለኝ። «ጀልባዬ ላይ ሦስት ቦታ ቀርቷል። ገንዘብህ ምንም አያደርግልኝም፤ የሚሸጥ ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቁስለኛ ተኝቷል፣ ውሃው ደግሞ አፍ ያቃጥላል። ለአንድ ሰው አራት እንስራ።»

«ሁለት።»

«ቁስለኛ ላይ ትከራከራለህ?»

«እኔ ሞት ላይም እከራከራለሁ።»

በሦስት ተስማማን። ቀለበቱን ከአፌ አውጥቼ ለሰውዬው መለስኩ፤ እስካሁን ጣዕሙ አለ። ስድስት ያልተሟሸ እንስራ፣ ሁለት ቦታ፣ እኔና ወይንሸት። ሲሰላ ልክ ነው። ወይንሸት ግን እጆቿን አጣምራ ቆመች። «ሦስት ቦታ ነው የምንፈልገው» አለች። ሐጃ ሳፊያም፣ «እኔ እዚህ ተወልጄ እዚሁ ነው የምቀበረው» አሉ። እኔ መሐል ላይ ስድስት ዘይት የጠጣ እንስራ ታቅፌ ቀረሁ። ዘይቱን ባላስነካቸው ኖሮ ሦስተኛው ቦታ በእጄ ነበር።

አሮጊቷ ፊት ቁጭ አልኩ። «ሐጃ፣ እርስዎ ካልሄዱ ይህች ልጅ አትሄድም። እሷ ካልሄደች እናቷ እኔን ይገድሉኛል። እርስዎ ላይ ሁለት ነፍስ ነው ያለው።»

አንዴ ወይንሸትን፣ አንዴ አረንጓዴውን በር አዩ። «የእናንተ አገር ይበርዳል ይላሉ።»

«በጣም።»

«ለአንድ ወር ብቻ። የቤቴ ቁልፍም አንገቴ ላይ ነው የሚሆነው።»

«ተስማማን» አልኩ።

ዘጠነኛው ቀን

የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሸክላ ብትሸሽም እጇ አይረሳም። ወይንሸት፣ «ዘይቱን የሚያወጣው እሳት ነው» አለች፤ «እንደ አዲስ እንደገና እንተኩሳቸዋለን። ግን ሁለተኛ እሳት ሁሉም አይችለውም።» ችግሩ ጭሱ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጭስ አይቶ የሚተኩስ ተዋጊ ሊኖር ይችላል። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲሰማ፣ «እኔ ምድጃዬን አብሬ ላንድድ፤ ጭሱን የእኔ ነው እላለሁ» አለ። ዱቄቱ ለሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው፤ ለእኛ ብሎ ቀድሞ ጋገረው።

ሁለተኛው ችግር እንጨት። የዓሣ ሳጥን ሰበርን፤ አልበቃም። ሐጃ ሳፊያ በምርኩዛቸው ወደ መኝታ ክፍላቸው አመለከቱ። «አልጋዬን ስበሩት። ለወር አይደል የምሄደው? ስመለስ ሌላ አሠራለሁ።» አልጋው ሲሰበር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ወይንሸት እንስራዎቹን ደፍታ፣ እንጨት ከምራ፣ ፊቷ ጥቀርሻ እስኪለብስ ለኮሰችው። ከሰዓት በኋላ ቀዘቀዙ። ተኩሱ ቀረብ ብሎ ይሰማል፤ እኛ ግን ሌላ ድምፅ ነው የምንጠብቀው። ሦስት ያስፈልገናል።

የመጀመሪያውን አንስታ በጣቷ አንኳኳች። ድፍን። ሁለተኛው፣ ድፍን። ሐጃ ሳፊያ፣ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ይሉኛል። ሦስተኛው እንደ ደወል ጮኸ። አራተኛውም ጮኸ! ዳቦ ጋጋሪው በአጥር ላይ አጨበጨበ። አምስተኛው ድፍን። ስድስተኛውን አነሳችና ሳታንኳኳ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሸክላ ስሸጥ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚያንኳኳልኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁና በአንጓዬ መታሁት።

ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ ዳቦ ጋጋሪው ከእኔ በላይ ጮኸ።

አሥረኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ አወድ ዘጠኙን እንስራ አንድ በአንድ ቆጥሮ ተቀበለ። ወጣቶች ተሸክመው ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰዷቸው። ሐጃ ሳፊያን በዳቦ መሸከሚያ ሳንቃ ላይ አስቀምጠን ወደ ጀልባው አወረድናቸው። መንገድ ላይ ለሰው ሁሉ፣ «ለወር ነው! ለወር ነው!» ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠን። አብሮን እንዲሄድ ስለምነው፣ «እኔ ከሄድኩ ጭሱን የእኔ ነው የሚል ማን ይቀራል?» አለኝ።

ከባሕሩ ላይ ሆነን የመዓላ መጋዘኖች ሲጋዩ አየን። ሁለት መቶ አርባ ማጨሻዬ እዚያ ነበር። አወድ አዘነልኝ። «አፈር ነበር፣ አፈር ሆነ» አልኩት፤ ግን ትንሽ ዞር ብዬ ነው ያልኩት። በሞባይሌ ፎቶ ላነሳ ስል ባሕር ውስጥ ጣልኩት። ጫማዬ ጋ ደርሶ ይሆናል።

አሥራ አንደኛው ቀን እና ከዚያ በኋላ

ኦቦክ ላይ አንዲት የማናውቃት ሴት ለሐጃ ሳፊያ አልጋዋን ለቀቀች፤ እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። ጅቡቲ ላይ ወረቀት ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብን። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ አፋር፤ እኚያ ባለሆቴል አዩኝና፣ «ሄደህ የነበረው ብቻህን አልነበር?» አሉኝ። አዋሽን እንዳለፍን ሐጃ ሳፊያ የወይንሸትን ነጠላ ወሰዱ፤ ናዝሬት ስንደርስ የእኔን ጃኬት።

ቀጨኔ ስንደርስ እማማ ዘነበች ደጃቸው ላይ ጭቃ እያቦኩ ነበር። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። በጭቃማ እጃቸው ልጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ጀርባዋን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። አዳመጡ።

«ደህና ናት» አሉ። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

ቀጥለው ወደ ሐጃ ሳፊያ ዞሩ። «እኚህስ?»

«የእንስራው ዋጋ ናቸው» አልኳቸው።

ሐጃ ሳፊያ የሚኖሩት ከሱቄ በስተጀርባ ባለው ክፍል፣ ከወይንሸት ጋር ነው። አረንጓዴው በር ይቁም ይውደቅ የነገረን የለም፤ ቁልፉ ግን አንገታቸው ላይ ነው። ወሩ ካለፈ ቆይቷል። ስለ ብርዱ በየቀኑ ይወቅሱኛል፤ ደንበኞቼን ስለ ዋጋዬ በአረብኛ ያስጠነቅቃሉ፤ ደግነቱ አይገባቸውም።

ሂሳቡ ይህ ነው። ሸክላ፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ሄደ፣ ምንም አልተመለሰም። ሰው፦ አንድ ሄደ፣ ሦስት ተመለሰ።